ምላጩን የያዘው እጅ

"አንገትሽን ዝቅ አድርጊ፤" አለች ምግባፎር፣ ምላጩን ሳፋው ውስጥ እየነከረች።

"አልላጭም።" ኡጎዬ ቀና ብላ ተቀመጠች። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፣ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። "እትዬ፣ ወንድምዎን እወደው ነበር። ይህን በምላጭ አላስመሰክርም።"

በሩ ላይ የቆመው ኦክዉዲሊ፣ የሟች ታናሽ ወንድም፣ በሹፈት ሳቀ። "ሰማችኋት? ያልተላጨች ሚስት ባሏን ገድላለች ማለት ነው። ቤቱንና የካሳቫ ማሳውን ታስረክብና ወደ አባቷ አገር ትሂድ!"

ግቢውን የሞሉት የሟች እህቶችና የአጎቱ ሴት ልጆች ናቸው። ሁሉም ሌላ መንደር ያገቡ ናቸው፤ ወንድም ሲሞት ግን ተመልሰው የመበለቲቱን ራስ የሚላጩት እነሱ ናቸው። ወንድ ያንን ራስ ከነካ ይረክሳል። ምግባፎር የሁሉም ታላቅ ስለሆነች ምላጩን ሃያ ዓመት ይዛዋለች። ስንቷን ላጭታለች!

"ብላጭስ ማሳው ይቀርልኛል?" ስትል ኡጎዬ ጠየቀች።

"እሱን ከተላጨሽ በኋላ እናየዋለን፤" አለ ኦክዉዲሊ።

የምግባፎር እጅ ሳፋው ውስጥ ቀረ። እሷም ባሏ ሞቶ በመንደሩ በዱልዱም ምላጭ ስትላጭ የባሏ ወንድም ያላት ይህንኑ ነበር፣ ቃል በቃል። በማግስቱ ዕቃዋን ደጅ ላይ አገኘችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እሷ ግን ወጊም ተወጊም ሆና ሁለቱንም ረስታ ኖራለች። በኦክዉዲሊ ብቻ ሳይሆን በራሷም ተናደደች።

"እትዬ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ላጪያት እንጂ!" አለ ኦክዉዲሊ።

ምግባፎር ተነስታ ምላጩን ዘረጋችለት። "እንካ። ራስህ ላጫት።"

ሰውየው ወደ ኋላ ሸሸ። "አብደሻል እንዴ? እኔ ወንድ አይደለሁም?"

"ወንድማ ነህ! እኛ እምቢ ካልን አንድ ጠጉር መንካት የማትችል ወንድ!"

አንዷ ሳቋ አመለጣት። ከኋላ ኤከማ የምትባል ልብስ ሰፊ፣ ሻሿን ከራሷ ላይ መንጭቃ አወለቀች። "እኔንም ላጭተውኛል፤ የስፌት መኪናዬን ሳይቀር ወሰዱብኝ። ባሎቻችን መንደር የደረሰብንን እዚህ መጥተን እኛው እናድርሰው?"

"እኔንም አባረውኛል፤" አለች ሌላዋ።

"እኔንም ከነልጆቼ!"

ግቢው በጩኸት ተናወጠ። ኦክዉዲሊ ሽማግሌዎች እንደሚጠራ እየዛተ ከግቢው ወጣ።

"ጥራቸው! እኛም እንፈልጋቸዋለን!" ብላ ጮኸችበት ምግባፎር። ከዚያ ወደ ኡጎዬ ዞረች። ሃያ ዓመት የላጨቻቸው ሴቶች ፊት አንድ በአንድ መጣባት። "ይቅር በይኝ፤" ልትል ፈለገች፣ ግን አፏ እምቢ አላት። ምላጩን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

"ምንጣፍ አምጡ፤" አለች።

"የት ልናነጥፈው?" አለች ኤከማ።

"እናቶቻችን የበደለ ወንድ ሲገጥማቸው የት ነበር የሚያነጥፉት? ኦክዉዲሊ በር ላይ ነዋ! ማሳው የኡጎዬ ነው ብሎ ሽማግሌዎቹ ፊት እስኪፈርም እዚያው ቁጭ ብለን በዘፈን ገመናውን እናወጣለን።"

የመጀመሪያውን ምንጣፍ ራሷ ተሸክማ ወጣች።