ከነዶሮው የመጣ ለቀስተኛ

በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዘንገና ሐይቅ አፋፍ ከትልቁ ዝግባ ሥር የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው፦ የአገሩ ጭቃ ሹም ዓለምነው፣ በፈረስ ግልቢያ ስሙ የታወቀው ሽማግሌ አያ ደርበው፣ በሠርግም በለቅሶም ግጥም የምታወርደው ወይዘሮ ደጊቱ፣ የመንደሩ አባወራዎች፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ ለመሄድ የተነሣ የሚመስለው ነጋ።

ዓለምነው በትሩን ተደግፎ ጉሮሮውን ጠረገና ተናገረ። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በስልክ ወሬ መጥቷል አለ። እንዲህ ያለ ዐውሎ ነፋስ ታይቶ አይታወቅም፤ በረዶ የቀላቀለ ነው፤ በዳንግላ ወገን ዛፍ ከነሥሩ ነቅሏል፤ የሣር ክዳን እንደ ባርኔጣ አንሥቶ ወስዷል፤ በየቀኑም ወደዚህ እየተጠጋ ነው። ሐይቁ ሞልቶ ይገነፍል ይሆናል የሚሉም አሉ።

«ስለዚህ» አለ፣ «በሐይቁ ዙሪያ ያላችሁ ሁሉ፣ መውጣት የፈለገ ይውጣ፣ መቅረት የፈለገ ይቅር ተብላችኋል።»

ጣጣው የመጣው ከዚህ ቃል ነው። «ውጡ» ቢባል ኖሮ ሰዉ ሹሙን እያማ ዕቃውን ጭኖ ይወጣ ነበር። ምርጫ ሲሰጠው ግን የሚወጣው ሰው በገዛ እግሩ ፈሪ ሊሆን ነው።

አያ ደርበው ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣ። «አባቴ እዚህ አፋፍ ላይ ተወልዶ እዚሁ አፋፍ ላይ ሞተ። ነፋስ መጣ ብሎ ሲሸሽ አላየሁትም። እኔ የትም አልሄድም። የሚሄድ ካለ መንገዱ ያውላችሁ።»

«የት እንሄዳለን?» አሉ ሌሎቹም ተራ በተራ። እያንዳንዱ ይህን ሲል ቀና ብሎ ሰማዩን ያይ ነበር።

«እኔ ደግሞ» አለች ደጊቱ ከሴቶቹ መካከል፣ «ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ለጥር ሠርግ ግጥም ቸግሮኛል።»

ሰዉ ሳቀ፤ ግን ረጅም ሳቅ አልነበረም። ሀብቱን የረሳ ሰው አልነበረም። ሀብቱ በምሽት ጥጃ አይቶ ጅብ መሰለውና አጥር ዘሎ ሮጠ። ደጊቱ በአንድ ሠርግ ላይ በግጥም አነሣችው፤ በማግሥቱ ከብት ጠባቂው ሁሉ ይዘፍነው ጀመር። ሀብቱ በሬዎቹን ሸጦ አገር ለቀቀ። አሁን መተከል ነው የሚኖረው ይባላል።

ነጋ ወደ ቤቱ ሲመለስ እግሩ ከብዶት ነበር። ቤቱ ከመንደሩ ቤቶች ሁሉ ወጣ ብሎ ወደ ውኃው ያዘነበለ ነው። ሚስቱ ስሜነሽ ደግሞ ወሯ ገብቷል። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ሰማሁ» አለችው። «ወንዶቹ ሁሉ ጀግና ሆናችሁ ዋላችሁ አሉ።»

«ምን ላድርግ? ብቻዬን ልነሣ?»

«ብቻህን አይደለህም። እኔ አለሁ፤ ይሄም አለ» ብላ ሆዷን አሳየችው። «ክዳኑን ሲወስድብኝ በረዶ ላይ ልውለድ?»

«ደጊቱ ዐይኗን ከመንገዱ ላይ አልነቀለችም እኮ።»

«ደጊቱ ናት የምታዋልደኝ?»

የቀረውን በአገውኛ ነገረችው። ስሜነሽ ስትቆጣ ወደ አገውኛ ትዞራለች፤ በአገውኛ ለተናገረችው ነገር ደግሞ ነጋ መልስ አግኝቶ አያውቅም። እሳቱ ዳር ተቀመጡና የማያሳፍር ምክንያት ይፈልጉ ጀመር።

«ገበያ እንሄዳለን ብንልስ?»

«በሰኞ የምን ገበያ ነው?»

«ችሎት ቀጠሮ አለኝ ልበላ።»

«ከማን ጋር? አንተ ከሰው ተጣልተህ ታውቃለህ?»

እውነቷን ነበር። ነጋ ከሰው ተጣልቶ አያውቅም፤ የሚካሰሰው ሰው አጥቶ ሲያፍር ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እንግዲያው ሰው ይሙትብን» አለች ስሜነሽ። «ለቅሶ የሚሄድን ሰው ፈሪ የሚል የለም።»

«ማን ይሙት? እናትሽ…»

«እናቴን ንካና ታያለህ።»

ዘመዱን ሁሉ አንድ በአንድ አነሡ፣ ጣሉ። አንዱ ቅርብ ነው፤ አንዱ ወጣት ነው፤ አንዷ ደግሞ ብትሰማ ትራገማለች። በመጨረሻ ግምጃ ቤት በሚባለው አገር በሚኖረው በነጋ አጎት በአስማረ ላይ ተስማሙ። አስማረ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው፤ በዐቢይ ጾም ታሞ ተኝቷል ተብሎም ነበር። ግምጃ ቤትም ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን የራቀ ነው።

«ኃጢአት አይሆንም?» አለ ነጋ።

«ነፋሱ ሲያልፍ ይነሣል።»

ሰኞ ጠዋት ነጋ ደጁ ላይ ቆሞ «አጎቴን፣ አስማሬን» ብሎ ጮኸ። ያሰበው ነገር ቀላል ነበር። ጎረቤት ይወጣል፤ እግዜር ያጥናህ ይለዋል፤ እሱም ስሜነሽን በበቅሎ አስቀምጦ ይሄዳል። አንድ ነገር ግን ረስቶ ነበር፦ በዚያ አገር ሰው ወደ ለቅሶው ብቻውን አይሄድም። እንዴት እንደረሳው ኋላም ሊገባው አልቻለም፤ ራሱ ስንቱን ሐዘንተኛ አጅቧል።

ከሁሉ በፊት የደረሰው አያ ደርበው ነው። አልሮጠም፤ ለዕድሜው ከሚገባው ግን ፈጠን ብሎ ነበር የመጣው። ፈረሱ ተጭኗል፤ ከፈረሱ ኋላ ደግሞ በቅሎው ጆንያ ተሸክማለች።

«ወይኔ ወንድሜ አስማረ» አለ ደርበው። አስማረን በሕይወቱ አይቶት ማወቁን እንጃ።

«አያ ደርበው፣ እርስዎ እንኳን አይድከሙ። መንገዱ ሩቅ ነው።»

«ምን ማለትህ ነው? አንተ ሐዘን ላይ ሆነህ እኔ ቤቴ ልቀመጥ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ጭነቱስ?»

«ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ ይኬዳል?»

«የዘር ገብስ እኮ ነው።»

«ታዲያ ለአስማረ ልሰስት?»

ይህን ሲነጋገሩ የቀረው መንደር ደረሰ። አንዱ ላሞቹን ይነዳል። በጾም ላም ምን ያደርጋል ሲባል ለሕፃናቱ ወተት ነው አለ፤ አስማረ ቤት ሕፃን እንደሌለ ነጋ ያውቃል። አንዱ የቤቱን መዝጊያ ነቅሎ በአህያ ጭኗል፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ጭቃ ሹሙ ዓለምነው ከሹመቱ በትር ሌላ የያዘው ነገር አልነበረም፤ ሚስቱ ግን ዕቃዋን ሁሉ ይዛ ከኋላው ትከተላለች። በመጨረሻ ደጊቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በጀርባዋ ቅርጫት አዝላ መጣች። ከቅርጫቱ ውስጥ ዶሮ ይንካካል።

«ዶሮዎቹስ፣ እትዬ ደጊቱ?» አለ ነጋ።

«ብቻቸውን ማደር አይወዱም።»

በምን ሞተ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። በለቅሶ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ግን ይህ ነው። ነጋ በእሑዱ ምሽት በመንደሩ ውስጥ የሚሞት ሰው ሲፈልግ ያመሸው እሱ ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባው። የቀደማቸው በጩኸት ብቻ ነው።

መንገድ ከተጀመረ በኋላ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ቀድሞ ሮጦ ለአጎቱ ሊነግረው። «እኔ ቀደም ልበል» ቢል ሁለት ጎልማሶች በግራና በቀኝ ክንዱን ያዙት።

«ሐዘንተኛ ብቻውን አይለቀቅም» አለው አንዱ።

«በርታ፣ ቻለው» አለው ሁለተኛው።

ነጋ ሲጎትት እነሱ ያጠብቃሉ። እንደ እስረኛ ተይዞ ተጓዘ። ስሜነሽ በበቅሎ ላይ ሆና አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችውና ፊቷን ወደ ዛፎቹ መለሰች። ከኋላቸው፣ በዳንግላ በኩል፣ ሰማዩ ጠቁሯል። በነጎደ ቁጥር የለቀስተኛው እርምጃ ይፈጥናል፤ ለቅሶውም ከፍ ይላል። በመንገድ ዳር የሚያርሱ ገበሬዎች ሞፈራቸውን ጥለው እየቆሙ ተመለከቱ፤ ይህን ያህል ሕዝብ ከነከብቱ የሚያለቅስለት ትልቅ ሰው ማን ይሆን ሳይሉ አልቀሩም።

ግምጃ ቤት ሲቃረቡ ደጊቱ ከፊት ሆነች። አስማረ አጥር ጋ ስትደርስ ድምፅዋን አወጣች፦

«ደጃፍህ ሞላልህ ከሩቅ የመጣ ሰው፣
አስማረ ተነሣ፣ ወጥተህ አነጋግረው።»

አስማረ ወጣ። ከጓሮ ሆኖ የቀርከሃ ቅርጫት ይሠራ ነበር፤ ቢላዋውን እንደያዘ፣ ራሱን በጋቢ እንደጠቀለለ ብቅ አለ። ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ ጸጥ እያለ ሄደ። ከኋላ ያሉት ስላላዩት ትንሽ ቆይተው አቆሙ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ አስማረ።

በዕድሜ የሚበልጠው ደርበው ነበርና እሱ ተናገረ። «እርስዎ ነዎት ተብለን ነው የመጣን።»

«እኔ? መቼ?»

«ትናንት።»

አስማረ ጥቂት አሰበ። «ትናንት ደኅና ነበርኩ። የታመምኩት በዐቢይ ጾም ነው። ያኔ ታሜ ስተኛ ከእናንተ አንድ ሰው አልመጣም።» ዐይኑ ከሰዉ ወደ ላሞቹ፣ ከላሞቹ ወደ ጆንያው፣ ከጆንያው ወደ መዝጊያው ሄደና ደጊቱ ጀርባ ላይ ቆመ። «ዶሮዎቹም መርዶ ደርሷቸው ነው?»

ማንም አልሳቀም።

«ማነው የገደለኝ?»

ሁለቱ ጎልማሶች የነጋን ክንድ ለቀቁት። ከጠዋት ጀምሮ ሲለቁት ይህ የመጀመሪያው ነው፤ አሁን ቢይዙት ይወድ ነበር። ለመዋሸት ጊዜ አልጠፋም። አንድ መንገደኛ ነገረኝ ማለት ይችላል፤ የስም መመሳሰል ነው ማለት ይችላል። ግን ያን ካለ ለቅሶው አለቀ፤ ያልሞተ ሰው ቤት የሚያሳድር ምክንያት የለም። ሁሉም በመጣበት መንገድ ሊመለስ ነው፤ እሱም ስሜነሽን ይዞ በዚያ ደመና ሥር። ስሜነሽ ከበቅሎዋ ወርዳ በአንድ እጇ አጥሩን፣ በአንድ እጇ ወገቧን ይዛለች። ወደ እሱ አታይም። ከንፈሯን ነክሳለች።

«እኔ ነኝ፣ አያ አስማረ» አለ ነጋ። «ነፋሱን ፈርቼ ነው። መሸሻ ምክንያት አጥቼ እርስዎን ገደልኩ። ዛሬ ቢያሳድሩን።»

«ፈርቼ» የሚለው ቃል ከእሑድ ጀምሮ ከሰው አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ሁሉም ወደ ደርበው አየ። ደርበው ረጅም ትንፋሽ ሳበ፤ ይቆጣል ሲባል ፊቱ ሸክም እንደወረደለት ሰው ሆነ።

«ወይ ጉድ» አለ። «ለካስ ፈርተህ ነው። እኛ እኮ ለቅሶ ብለን ነው ቤታችንን ጥለን የመጣን።»

«እኛማ ለቅሶ ብለን ነው» አሉ ከኋላው። «ምን እናውቃለን?»

«ምን እናውቃለን» አለ ባለ መዝጊያውም።

ደጊቱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ግጥም ሲመጣላት እንዲህ ታደርጋለች። ነጋ አይቷታል። ስሜነሽ አጥሩን ለቃ ክንዱን ያዘች፤ ከጎልማሶቹ ይልቅ አጥብቃ።

አስማረ ሁለቱን ተመለከተ። «ግቢ፣ ልጄ» አላት። «ከውስጥ መደብ ተነጥፏል። አንተም ግባ፤ ስለ ሞቴ ኋላ እንነጋገራለን።» ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረ። «እናንተ እንግዲህ ለለቅሶ ነበር የመጣችሁት። አልሞትኩም። ትመለሳላችሁ?»

ከሩቅ ነጎደ።

«ከመጣን አይቀር» አለ ደርበው፣ «ታማሚ ሳንጠይቅ ብንመለስ ነውር ነው።»

«ድኛለሁ እኮ።»

«ሕመም ያገረሻል» አለ ደርበው፣ ጆንያውን ከበቅሎዋ ላይ እያወረደ።

አስማረ በርጩማ አስመጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲያው ጠይቁኝ» አለ። ሰዎቹ ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ «እግዜር ይማርዎ» አሉት፤ እሱም ለእያንዳንዱ እንቅልፍ አጥቶ እንደሚያድርና ምግብ እንደማይስማማው ነገረው። ተራው ደጊቱ ዘንድ ሲደርስ አስቆማት።

«አንቺ የጀመርሽውን ጨርሽ። የፈረሴን ስም ሳታነሺ ነው ያቆምሽው።»

ስሜነሽ በዚያው ሌሊት አስማረ ቤት ሴት ልጅ ወለደች። ነፋሱ ማክሰኞ መጣ። በዘንገና አፋፍ ካሉት ቤቶች የነጋንና የደርበውን ጨምሮ የአብዛኞቹን ክዳን ወሰደ፤ በረዶውም ገብሱን አስተኛው። ሐይቁ አልገነፈለም። ሰዎቹ ሐሙስ ዕለት ታማሚውን ተሰናብተው ተመለሱ፤ ነጋና ስሜነሽ ክረምቱን ግምጃ ቤት ከረሙ።