የማሳው ዘበኛ

«ምሳሌ ከራሳችሁ ሕይወት!» አለ መምህሩ ሰሌዳውን በጠመኔ እየደበደበ። ጠመኔው ለሁለት ተሰበረ። የጻፈው ቃል የእንግሊዝኛ ግሥ ነው፤ «ሰበርባናይዝ»። ምሳ በልቶ ለተመለሰ ክፍል እንዲህ ያለ ረጅም ቃል ሲሰጡት ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ ግማሹ ያዛጋል፣ ግማሹ ይሥቃል።

«ገጠሩን የከተማ ዳር ሰፈር ማድረግ ማለት ነው» አለ። «እርሻ የነበረው ቪላ ይሆናል፣ የከብት መንገድ የነበረው አስፋልት ይሆናል። 'ኮረብታው በአሥር ዓመት ውስጥ ሰበርባናይዝ ተደረገ' እንላለን። እሺ፣ ማን ይሞክር?»

ጓደኞቿ «ቀጭኗ» የሚሏት ልጅ ከኋላ እጇን አወጣች። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን እጅ አውጥታ አታውቅምና መምህሩ ደስ አለው።

«በይ እስቲ!»

ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጠች በእንግሊዝኛ ተናገረች። በእኛ አፍ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «የአባቴን የሽንኩርት ማሳ ሰበርባናይዝ አደረጉት። አሁን አባቴ እዚያው ዘበኛ ነው።»

«ጎበዝ! እንከን የለውም። የት ነው ይሄ?»

«ከወንዙ ማዶ፣ ቲቸር። ሰማያዊ በር ያለው ግቢ።»

ቀና ብላ አየችው።  ሰማያዊ በር ያለው ግቢ መምህሩ የሚኖርበት ነው፤ ዘበኛው ደግሞ ዛሬ ማምሻውን ከሥራ ሊባረሩ ነው፤ የሚያስባርራቸው ደብዳቤ የእሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው እሑድ የሚስቱ ወንድም ሊጠይቃቸው መጥቶ በአጥሩ ሥር የበቀለውን ሽንኩርት አየና፣ «አማቼ፣ ቪላ ገባሁ ያልከኝ ጓሮ ውስጥ ነው እንዴ?» ብሎ ሣቀበት። ሚስቱም ሣቀች። መምህሩ የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነው፤ በማግስቱ ብዕሩን አነሳ። «ዘበኛው የጥበቃ ሥራውን እየተወ መሬት ሲቆፍር ይውላል፤ ይሰናበት» ብሎ ጻፈና የግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ከሥሩ ስሙን አላኖረም። «ነዋሪዎች» ብሎ አለፈ። ሰውየው የሚቆፍሩት የሌሊት ፈረቃቸውን ሲጨርሱ ብቻ እንደሆነ ግን አሳምሮ ያውቅ ነበር። በየጠዋቱ ሲወጣ ያያቸዋላ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይሄ ነው።

የቀረውን ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደጨረሰው እሱ ብቻ ያውቃል። ወደ ኋላ ወንበር አንዴም ቀና ብሎ አላየም።

ግቢው ሲደርስ ሰውየው የጥበቃ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። ከማዶ፣ ስለ እሳቸው የሚወስነው የነዋሪዎች ስብሰባ በሚደረግበት ጋራዥ፣ ወንበር ሲጎተት ይሰማል።

«እንደምን ዋሉ፣ አባቴ» አለ መምህሩ። እስከ ትናንት «አንተ» ነበር የሚላቸው። 

«እግዜር ይመስገን፣ መምህር። ቶሎ ገቡ ዛሬ።»

«ይሄ መሬት የእርስዎ ነበር?»

«የእኔም የወንድሞቼም ነበር። እርስዎ ቤት ያለው ጋ ጉድጓድ ነበረን፤ ውሃው እንዴት ይጣፍጥ ነበር!» ፈገግ አሉ። «አሁን ያቺ የአጥር ሥሯ ብቻ ብትቀረኝ እጄ አላርፍ ብሎ ነው። ጥፋት ከሆነ እነቅለዋለሁ።»

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ መምህሩ። ቶሎ ካላለው እንደማይለው ገብቶታል።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ልጄ ናት ያነበበችልኝ። 'አባዬ፣ ይሄ የቲቸር የእጅ ጽሑፍ ነው' አለችኝ። ስንት ደብተር ሙሉ ከሰሌዳ የገለበጠችው ጽሑፍ እኮ ነው፤ በምን ይጠፋታል!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ግን 'ተሳስተሻል፣ የሌላ ሰው ነው' ብያታለሁ። አስተማሪዋ ነዎት። ካልናቀችዎት ነው የምትማረው። አደራ፣ አንድ ነገር እንዳይሏት።»

መምህሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ቢሰድቡት፣ ቢረግሙት ይሻለው ነበር። እሱ እንጀራቸውን ሊያሳጣ ሲነሳ እሳቸው የእሱን ክብር ሲጠብቁ ከርመዋል፤ ያውም ለገዛ ልጃቸው ዋሽተው።

«ጸሐፊ! አንተን እኮ ነው የምንጠብቀው!» ብላ ተጣራች ሰብሳቢዋ ከጋራዡ። «ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት፤ ደብዳቤህን አንብብልንና እጅ አውጥተን እንበተን!»

«መጣሁ!»

በዚህ መሐል ልጅቷ የአባቷን ራት በሳህን ይዛ ገባች። መምህሩን ስታይ ቆም አለች፤ ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች።

አባቷ በዓይናቸው ለመኑት። አስተያየታቸው ዝም በል የሚል ነበር፤ ዝም ማለትም ቀላል ነበር። ጋራዡ ገብቶ «አጣርተን እንመለስበት» ማለትም ይቻላል፤ ማንም ምንም አያውቅም። አፉ ላይ እስኪደርስ ድረስ አሰበው።

«አልተሳሳትሽም» አላት።

ልጅቷ ዞረች።

«ጽሑፉ የእኔ ነው። የተጻፈውም ውሸት ነው። አባትሽ ሥራቸውን ትተው አያውቁም።»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ...» አለች። አባቷ ሳህኑን ተቀበሏት።

«ኧረ መምህር፣ ምን አደረግሁዎት!» አሉ ሰውየው በሐፍረት፤ ሐፍረቱ የሳቸው ይመስል።

ሰብሳቢዋ እንደገና ተጣራች። መምህሩ ጥቂት ሄደና ተመልሶ መጣ።

«ሁለታችሁም ኑ፣ አብረን እንግባ» አለ። «እናንተ እያያችሁኝ ይህንኑ እናገራለሁ። ብቻዬን ከገባሁ ግን እንጃ።»