ለሽምግልና የሄደችው ፒካፕ

ሙሽራ ለራሱ ሽምግልና ሹፌር ሆኖ አይሄድም። ይህን አጥቼው አይደለም። ሽማግሌ ይሄዳል፣ አግቢው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል፤ ወጉ ይኸው ነው። እኔም ጥፍሬን ልበላ ተዘጋጅቼ ነበር። ግን ያቺን መኪና ከእኔ በቀር የሚነዳት ሰው ከየት ይምጣ? እስቲ እናንተው ንገሩኝ!

ሠረቀብርሃን እባላለሁ፤ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ጋራዥ አለኝ። ቁጡ ነው ይሉኛል። ማን እንደሚል አውቃለሁ፤ ተዉት፣ ቀኑ ይመጣል።

ወለተሐና አንኮበር ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አንድ ቀን የጤና ጣቢያውን መኪና ልታሠራ መጥታ፣ እኔ ሞተር ላይ ጎንበስ ብዬ አልፈታ ያለ ብሎን ስሳደብ ደረሰች። "ብሎኑ እኮ አይሰማህም" አለችኝ። ልመልስላት ቀና አልኩና፣ ሳያት ብሎኑን ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅርታ ጠይቄ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ነገራችን ቀስ በቀስ ጠና፤ በመጨረሻም "በል ሽማግሌ ላክ" አለችኝ። "ግን ልንገርህ፣ አባዬ የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ ነው የሚመልሰው። የዶክተር ሽማግሌ እንኳ መልሷል። የጋራዥ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይወድም።"

እኔ ያለ ወለተሐና መኖር አልችልም። ይህን ስናገር አላፍርም።

አባቷ ጋሽ ወልደተንሣኤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንዲት የናፍጣ ፒካፕ ከአንኮበር አልዩ አምባ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ሽቅብ ሲወጡ የኖሩ ሹፌር ናቸው። ሚስታቸው የሞቱ ጊዜ መኪናዋን ሸጡ፤ ከዚያ በኋላ ስሟን አንስተው አያውቁም። ወለተሐና ይህን ስታወራኝ አንድ ተንኮል መጣልኝ። መኪናዋን አፈላልጌ አገኘኋት። አንድ የገብስ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ጎማ የላት፣ መስታወት የላት፣ ጋቢናዋ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ዶሮዋን አስነስቼ፣ መኪናዋን ገዝቼ ወሰድኩ።

ምን ያላደረግሁላት አለ? ሞተሯን አወረድኩ፣ ፒስቶኗን ቀየርኩ፣ የዛገ ወለሏን በየድኩ፣ ለአንድ የናፍጣ ፖምፓ ስል አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ሶማሌ ተራን ከላይ እስከ ታች ዞርኩ፣ ቀባኋት፣ ሙሽራ አስመሰልኳት። አንድ ነገር ብቻ አቃተኝ። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ለእሷ የሚሆን ጠፋ። ስለዚህ የምትነሳው ቁልቁለት ላይ ተለቃ፣ አለዚያም ተገፍታ ነው። ከተነሳች ደግሞ ማጥፋት የለም። ማርሿም ዐመለኛ ነው፤ ካልለመደው ሰው ጋር ይጣላል።

ሐሳቤ ይህ ነበር፦ ጋሽ ወልደተንሣኤ የድሮ መኪናቸው ታድሳ ደጃቸው ስትቆም ያያሉ፣ ሆዳቸው ይራራል፣ ልጃቸውን ይሰጡኛል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በእሷ ነው መሄድ ያለባቸው፤ በእሷ ከሄዱ ደግሞ የምነዳው እኔው ነኝ።

ሽማግሌዎቼ ሁለት ነበሩ። አንዱ የንስሐ አባቴ አባ ገብረመንፈስቅዱስ፣ ሌላው የአልዩ አምባው ነጋዴ ጋሽ ፈረጅ፣ የእኔ ደንበኛ፣ የጋሽ ወልደተንሣኤም የድሮ ወዳጅ ናቸው። እኔ ራሴን በጋቢ ጠቀለልኩ፤ ዓይኔ ብቻ ቀረ። በአንኮበር ብርድ የተጠቀለለ ሰው ማን ልብ ይለዋል?

"ማን ነው ሹፌሩ ቢሉን ምን እንላለን?" አሉ አባ፣ መንገድ ላይ። "እኔ እንደሆንኩ በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽም።"

"ጉንፋን የያዘው ሹፌር ነው እንላለን" አሉ ጋሽ ፈረጅ።

"ጉንፋን መቼ ያዘው?"

"ሠረቀ፣ እስቲ ሳል።"

ሳልኩ።

"ይኸው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ይዞታል" አሉ ጋሽ ፈረጅ። አባ አማተቡ።

ደረስን። መኪናዋን ከበሩ ውጭ፣ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጌ፣ ሞተሯን ሳላጠፋ አቆምኳት። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ወጉን ታውቃላችሁ፦ "ተቀመጡ" ይባላሉ፣ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ይቆማሉ፤ የልጅቷ አባት ይሰማና "ዘመድ ላማክር፣ ተመለሱ" ብሎ ይሸኛል። አባ ገና "ለመልካም ነገር ነው የመጣነው" ከማለታቸው ጋሽ ወልደተንሣኤ እጃቸውን አነሱ፤ ይህን በኋላ የነገሩኝ ጋሽ ፈረጅ ናቸው። "ይቅርታ አባቴ። አንድ ጊዜ ዝም ይበሉልኝማ።" ጆሯቸውን ወደ ደጅ፣ ወደ ሞተሩ ድምፅ ሰጡ። ከዚያ አባን እዚያው አቁመው፣ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ።

ረዥም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋን ዞሯት። የጭነት ጎኗን፣ ስፖንዳዋን፣ በመዳፋቸው ዳበሱ። ዓይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለኝ። በቃ፣ ሰጡኝ አልኩ።

"ግቢ አስገባት፣ በደንብ ልያት" አሉኝ።

ግቢው ሜዳ ነው፤ አንድ ስንዝር ቁልቁለት የለውም። ግን አማት ሊሆን የሚችል ሰው ግባ ሲል እምቢ ይባላል? አስገባኋት። ሞተሯ እየሠራ ኮፈኗን አስከፈቱኝና ጎንበስ አሉ።

"ይህን የውሃ ቱቦ በሽቦ ያሰረው ማን ነው?"

ሳልኩ።

"ያደሳት አግቢው ነው" አሉ ጋሽ ፈረጅ፣ ተከትለው ወጥተው። አባም መጡ።

"ልጄን የሚጠይቀኝ ሰው?" አሉ ጋሽ ወልደተንሣኤ። "ልጄም ባመማት ቁጥር በሽቦ ሊያስራት ነው?"

ቆሽቴ አረረ። ጋቢዬን ነከስኩ።

"ድምጿን ስማ፣ አንተ ሹፌር። ትንተባተባለች። ናፍጣውን የሚረጨውን ደህና አድርጎ አላሰረውም። ጋራዥ ሠራተኛ ሲባል እንዲህ ነው፤ ቀለም ቀብቶ ሞተሩን ይረሳል። ቀለሙስ ቢሆን? ሰማያዊ ነበረች። ምን ዓይነት አህያ ነው አረንጓዴ የቀባት? ጎመን አስመሰላት እኮ!"

ወለተሐና ከቤቱ በር ላይ ሆና በዓይኗ ለመነችኝ፤ ቻለው፣ ቻለው ትለኛለች። ቻልኩ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ቻልኩ። ሰውዬው ኮፈኑን ይዘው "ሞታ በክብር ትቀበር ነበር፤ አነሣና አዋረዳት" ሲሉ ግን ደሜ ፈላ።

"ማን ነው የገደላት?" ብዬ ጮህኩ። ጋቢው ከራሴ ወደቀ። "እርስዎ አይደሉም? ዘይት ሳይቀይሩ ስንት ዘመን እንደነዷት ፒስቶኗ ነግሮኛል! ሰማያዊ ቀለም ጠፍቶ ነው አረንጓዴ የቀባሁት! ጎመን ካሉም ጎመን ትሁን!"

በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ። ሞተሩ መንተባተቡን ቀጠለ።

"ጉንፋኑ ለቀቀው" አሉ ጋሽ ፈረጅ በቀስታ።

ጋሽ ወልደተንሣኤ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "አግቢው አንተ ነህ?"

"አዎ።"

"ለራስህ ሽምግልና መጣህ?"

"አዎ!" ብዬ፣ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ፣ በንዴት እጄን በመስኮት ሰድጄ ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን አጠፋሁት።

ያን ጊዜ ነው ጉዱ። ጉድ በል ጎንደር ይባላል፤ ያን ቀን ጉድ ማለት የነበረባት አንኮበር ነበረች። መኪናዋ ሜዳ ላይ ጠፋች። ሳትገፋ አትነሳም። ጎረቤት ደግሞ ጩኸት ሰምቶ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጥቂት ጎረምሶችም እጅጌያቸውን ጠቅልለው "እንግፋላችሁ?" እያሉ ገቡ።

"ማንም እንዳይነካት!" አሉ ጋሽ ወልደተንሣኤ።

"ለምን? ይግፉልንና እንሂድ እንጂ" አሉ ጋሽ ፈረጅ።

"ፈረጅ፣ አንተም ታብዳለህ? የሽማግሌ መኪና ከግቢዬ ገፍቼ ላስወጣ? 'ወልደተንሣኤ ሽማግሌ ገፍትሮ አስወጣ' ይሉኛል። ለልጄ ከእንግዲህ ማን ሽማግሌ ይልካል?"

"እሺ፣ መኪናዋ እዚህ ትቅር፣ እኛ በእግር ወርደን በሚኒባስ እንሄዳለን።"

"ይህማ ባሰ! ከአግቢው ቤት የመጣ ነገር ግቢዬ ካደረ 'ተቀበለ፣ ልጁን ሰጠ' ማለት ነው!"

እውነታቸውን ነው። ብትወጣ እምቢ፣ ብትቀር እሺ። ዘመድ ላማክር ማለት የለ፣ በኋላ ተመለሱ ማለት የለ። አገር እያየ፣ እዚያው፣ ያኔውኑ ቁርጡን መናገር ሊኖርባቸው ነው። አባ መቆሙ ደክሟቸው በጋሽ ፈረጅ ትከሻ ተደገፉ፤ ግን አልተቀመጡም።

ጋሽ ወልደተንሣኤ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንቺስ? ይህን ቁጡ ነው የምትፈልጊው?"

"አዎ አባዬ" አለች ወለተሐና። "ካንተ ጋር አድጌ ሌላ ዓይነት ሰው እንዴት እለምዳለሁ?"

አጥሩ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ኮፈኑን ተደግፈው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እነዚያን ሁሉ የመለስኳቸው ጠልቻቸው አይደለም። አንቺ ስትሄጂ ይህ ቤት ዝም ይላል። እናትሽ የሞተች ጊዜ ዝም ሲል አይቼዋለሁ። ሁለተኛ ልየው?"

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ እኔ የሳቸውን ሆድ ላራራ መጥቼ የራሴው ራራ። ቀረብ አልኩ።

"ጋሽ ወልደተንሣኤ፣ ልክ ብለዋል። ሽቦው ልክ አይደለም። የናፍጣውም ነገር ይቀረዋል። ብቻዬን አልጨርሳትም።" ይህን ቃል ከአፌ ያወጣሁት በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ጠባሴ ሄዳችሁ እንዳትነግሩብኝ። "እዚህ ትቅርና እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እኔና ወለተሐና እየመጣን አብረን እንሥራት። እርስዎ ይስደቡኝ፣ እኔም እመልሳለሁ። ቤቱ ዝም የሚል ይመስልዎታል?"

ሊመልሱልኝ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ አንዱ ጎረምሳ ስፖንዳው ላይ እጁን ጣል ማድረጉን አዩ።

"አንተ! እጅህን ከመኪናዬ ላይ አንሣ!"

"መኪናዬ አልክ?" አሉ ጋሽ ፈረጅ ፈጠን ብለው። "ወልደተንሣኤ፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል። እንግዲህ ቁርጡን ንገረን። እንሂድ ወይስ እንቀመጥ?"

"ተቀመጡ" አሉ ጋሽ ወልደተንሣኤ።

አባ ገብረመንፈስቅዱስ ቃሉ ሳያልቅ የቤቱ ደረጃ ላይ ዘጭ አሉ። ወለተሐና እያለቀሰች ሳቀች። እኔም ዓይኔን በጋቢዬ ጠራረግሁና፣ ከሽማግሌዎቼ አጠገብ ልቀመጥ ሄድኩ።

"አንተ ወዴት ነው?" አሉኝ ጋሽ ወልደተንሣኤ፣ እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ። "ለሽማግሌ ነው ተቀመጡ ያልኩት። ና፣ መፍቻ አቀብለኝ።"

ጋቢዬን አጥሩ ላይ ሰቅዬ ሄድኩ።