በዝምታው ወር ከድልድዩ ሥር

መዶሻዬን ገና አንዴ ሳሳርፍ፣ ከድልድዩ ሥር ዓሣ በጭስ የሚያደርቁት ሴቶች በሙሉ ተነሱብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ወሩን ረሳኸው?»

ረስቼዋለሁ። እኔው የጋ ብሔረሰብ ልጅ፣ እዚሁ አክራ ተወልጄ ያደግኩ፣ ከሆሞዎ በዓል በፊት ከበሮ እንደማይመታ፣ ጩኸት እንደማይሰማ ረሳሁት። ድልድይ ለድልድይ እየዞርኩ ስመረምር ኖሬ አሁን አሁን አንዱ ወር ከሌላው አይለይብኝም። ደክሞኛል። ደግሞ መዶሻው ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ቢሙ፣ ድልድዩን የተሸከመው የኮንክሪት አግዳሚ፣ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ እንደ ባዶ በርሜል ከጮኸ ውስጡ ያለው ብረት ዝጎ ኮንክሪቱን ገፍቶታል ማለት ነው።

«ከበሮ እኮ አይደለም፣ ሥራ ነው» አልኳቸው የሴቶቹን አለቃ፣ እማማ ኦካይሌን።

«በዚህ ወር ሰው ሲሞትብን እንኳ ጮኸን አናለቅስም። ያንተ ሥራ ከሞት በለጠ?»

«ፊቱን እዩልኝማ» አለች አንዷ፤ «ከድልድዩ በፊት እሱ ሊወድቅ ነው።» ሁሉም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ።

ምን አደርጋለሁ? ድምፅ የሌለውን መሣሪያ አወጣሁ። ሰማያዊ ውሃ የያዘ ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ እርጥብ ስፖንጅ አለው። ኮንክሪቱ የተፈረፈረበትን ቦታ በቢላ ጎርጉሬ ብረቱን አገኘሁና ሽቦ አሰርኩበት። ከዚያ ስፖንጁን ቢሙ ላይ እያስነካሁ ከሽቦው ጋር በተያያዘው መለኪያ ላይ ቁጥር ማንበብ ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ዝገቱ ይብሳል።

እማማ ኦካይሌ ከኋላዬ አልጠፉም። «ምን አለህ? አጥር ልታጥሩብን ነው?»

የሚፈሩት ይህንኑ ነው። ቢሙ ከታመመ ቦታው ይታጠራል፣ ምድጃዎቹም ይነሳሉ። የባሕሩን ዳር ሆቴሎች ከያዙት በኋላ የቀራቸው ቦታ ይኼ ብቻ ነው።

«እስካሁን ደህና ነው፣ እማማ» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ደህና እንዲሆንም ፈልጌ ነበር። ወደ ምድጃዎቹ ስንጠጋ ግን ነጭ ልስን ያለበት ቦታ ላይ ቁጥሩ ወረደ። ቀጥሎ ያለው ልስን ላይም ወረደ። ከልስኑ ራቅ ስል ተመልሶ ይሻላል።

«ይኼን ማን ለሰነው?»

«እኛ ነና!» አሉ እማማ በኩራት። «ለሆሞዎ ሰው ቤቱን ያድስ የለ? ቤታችን እኮ ነው። በየዓመቱ የተሰነጠቀውን እንደፍናለን።» ይህን እያሉ ከአጠገባቸው ካለው ባልዲ የተቦካ ሲሚንቶ በእጃቸው ዘግነው የጎረጎርኩትን ቦታ ይደፍኑት ጀመር። «አንተማ ቁስሉን ክፍት ትተህ ልትሄድ ነው።»

«በምን ውሃ ነው ያቦካችሁት?»

በአገጫቸው ከባሕር የሚገናኘውን ሐይቅ አሳዩኝ። «የቧንቧውን ገዝተን እንጠጣው ወይስ ሲሚንቶ እናቡካበት?»

«ጨው እኮ ነው፣ እማማ።»

«ቢሆንስ? ዓሣችንን ከመበላሸት የሚያድነው ጨው አይደል?»

«ዓሣ ያድናል። ብረት ግን ይበላል።»

እጃቸው ቢሙ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀና ብለው ነጩን ልስን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«በየዓመቱ ከእናንተ አንድ ሰው ይመጣል» አሉ ቀስ ብለው። «ዓሣችንን ይበላል፣ ልስናችንን ያደንቃል፣ ይሄዳል። ባልዲው ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀን የለም።»

አፈርኩ።

«ታዲያ ይታጠራል?»

«ይታጠራል።»

«ከበዓሉ በፊት?»

«ነገ፣ እማማ። ከላይ የሚያልፈው መኪና ነው፤ ቢወድቅ ከሥር ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

ዞር ብለው ለሴቶቹ ነገሯቸው። እሪ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ምነው ባሉልኝ፣ ይቀለኝ ነበር። እማማ ኦካይሌ ምድጃቸው አጠገብ ተቀመጡ፤ የሻሻቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነከሱና፣ ወሩ የዝምታ ወር ነውና፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ያለ ድምፅ አለቀሱ። ሌሎቹም እንደዚያው።