የማምፒንጋ ወንበር

«በሕግ እኮ ልጅዎ አይደለም!» አለ ምዞሊሲ፣ ማምፒንጋን ከአዳራሹ በር ላይ ወደ ጎን ስቦ።

ምዞሊሲ የቦርዱ ጸሐፊ ነው። ቦርዱ በኬፕታውን ከየሱቁ «የጥበቃ» እያሉ ገንዘብ ስለሚነጥቁት የተደራጁ ወንበዴዎች መንግሥትን ያማክራል። ማምፒንጋ እዚያ ወንበር ያገኘችው ባሏ አልከፍልም ብሎ ሱቁ ደጃፍ ላይ በጥይት ስለተገደለ ነው። ይህም ዕድል ተብሎ! ቢሆንም እሱ ከሞተ ወዲህ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ያለው እዚህ ብቻ ነበር። ቤቷ ገብታ በሩን ከዘጋች ከሬዲዮው በቀር የሚያወራ የለም።

አሁን ግን የአባልነቱ ደንብ ተለወጠ። ልጁ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ወንድሙ ወይም እህቱ በዚህ ወንጀል የተከሰሰበት ሰው ከእንግዲህ አባል መሆን አይችልም። ዛሬ እያንዳንዱ አባል እየተነሳ እንዲህ ያለ ዘመድ እንዳለው ወይም እንደሌለው በአፉ ይናገራል።

ማምፒንጋ ያሳደገችው ሳኩምዚ ደግሞ ለእነዚያው ወንበዴዎች ገንዘብ ሲሰበስብ ተይዞ ታስሯል። እናቱ፣ የማምፒንጋ ታናሽ እህት፣ ስትሞት ገና ጥርስ አላበቀለም ነበር። በሕዝቧ በኮሳዎች ዘንድ የእህት ልጅ ያው ልጅ ነው፤ አለቀ። ማምፒንጋ ግን ከታሰረ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ሄዳ አልጠየቀችውም። ባሌን ከገደሉት ጋር! እያለች ብቻዋን ስትንገበገብ ከርማለች።

«ደንቡ የእህት ልጅ አይልም» አለ ምዞሊሲ። «እንዲህ እንዲጻፍ የለመንኩት እኔ ነኝ፣ ለእርስዎ ስል። ‹ልጅ የለኝም› ይበሉና ቁጭ ይበሉ።»

«አንተ የእናትህን እህት ምን ብለህ ነው የምትጠራት?»

«እማ... ኧረ እሱን ይተዉት!» ሳቀ፤ ዓይኗን ማየት ግን አልቻለም።

ተራዋ ደረሰ። ሰብሳቢዋ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ በፈገግታ ጠበቋት። ማምፒንጋ ወንበሩን ይዛ ቆመች። ይህን ካጣች የት ትሄዳለች? ማንስ ይፈልጋታል? ፈራች።

«ልጅ አለኝ» አለች። «ሳኩምዚ ይባላል። እስር ቤት ነው።»

«እኛ የምናውቀው የእህትዎ ልጅ መሆኑን ነው» አሉ ዳኛዋ፣ መውጫ ሊሰጧት።

«ምነው እማማ! ምን ነካዎት?» አለ ምዞሊሲ በሹክሹክታ።

«ምን ይነካኛል? ሌባ ነው፤ አንጀቴን አሳርሮታል። ታዲያ የማን ልበለው?»

ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ የሸኛት የለም፤ ሁሉም የሻይ ኩባያውን ያይ ነበር። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

«ልጄ፣ ወደ እስር ቤቱ የሚሄደው ታክሲ የት ነው የሚቆመው?» አለችው ዘበኛውን።

«ከመንገዱ ማዶ ነው። ሰው ሊጠይቁ ነው እማማ?»

«ልሰድበው ነው!»

መንገዱን ተሻግራ፣ ታክሲው ከመሙላቱ በፊት፣ ከጉልት ትኩስ ቦምቦሊኖ ገዛች። ለሁለት ሰው የሚበቃ።