ለጥናት የወደቀ

ሚኒባሱ ጉቴን እንዳለፈ ከጎኑ የተቀመጠችው ሴት ያንኑ ቪዲዮ እንደገና ከፈተችው። ቀነአ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ጆሮውን ግን የሚያዞርበት አልነበረውም። መጀመሪያ ኪቦርዱ፣ ቀጥሎ የነቢይ ጋሩማ የሻከረ ድምፅ፣ በመጨረሻም አንድ ሰው "ኡ" ሲል ተሰማ። ያ "ኡ" የእሱ ነበር።

ሴትየዋ የሽንኩርት ጆንያዋን እግሯ ሥር ያደረገች ነጋዴ ናት፤ ብቻዋን መሳቅ የማይሆንላት ዓይነት ሰው።

"እስቲ ይቺን እይልኝ ወንድሜ፣" አለችው ስልኳን እያቀረበችለት። "የቲዮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነው አሉ። እግሩን ተመልከት፣ እግሩን። አንገቷን የተቆረጠች ዶሮ አይመስልም?"

ቀነአ አየ። ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሰካ ሰው በጀርባው ተንጋሎ ግራ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ከሥሩ በቢጫ ፊደል "መንፈስን ሊያጠና መጣ፤ መንፈስ አጠናው" የሚል ተጽፎበታል።

"ምስኪን፣" አለ ቀነአ።

"ምኑ ነው ምስኪን? አስመሳይ ነው እንጂ። እንዲህ በኃይል የወደቀ ሰው እስክሪብቶው ኪሱ ውስጥ ይቀራል?"

እስክሪብቶው አሁንም ኪሱ ውስጥ ነበር። ሴትየዋ ወደ ስልኳ እስክትመለስ ጠበቀና ቀስ አድርጎ አውጥቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ከዚያ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘጋ። ሙቀት ነበር።

ቀነአ በነቀምቴ በነገረ መለኮትና በሃይማኖት ጥናት ሁለተኛ ዲግሪውን ሊጨርስ አንድ ሴሚስተር ቀርቶታል። ከፍለው የሚያስተምሩት የሲሬዋ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ናቸው፤ ሲመረቅም ተመልሶ አስተማሪያቸው ይሆናል። ይህንኑ ዛሬ እሑድ፣ በአምልኮው መካከል፣ ለሕዝቡ ሊያውጁለት ቀጠሮ ይዘውለት ነበር። ትናንት ግን የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ኦቦ ሞረዳ ደወሉለት። ስለ አዋጁ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ከአምልኮው በፊት ቢሮ እንዲመጣ ብቻ ነግረውት፣ የልጆቹን ደኅንነት ሳይጠይቁ ስልኩን ዘጉ። በወለጋ ሰው የልጅ ደኅንነት ሳይጠይቅ ስልክ የሚዘጋው ሲበሳጭ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ራሱ ለመከራ የተመረጠ ይመስላል፦ በጸሎት ወቅት የመውደቅ ልምምድ በነቀምቴ ከተማ። ጥያቄው አጭር ነው። ሰው እጅ ሲጫንበት ለምን ይወድቃል? በጽሑፉ ሦስት መልሶች ደርድሯል። ወይ መንፈስ ነው፣ ወይ ሰውዬው ራሱን አሳምኖ ነው፣ ወይ ሰባኪው በአውራ ጣቱ እየገፋው ነው። እያንዳንዱን መልስ የሚደግፍ የፈረንጅ መጽሐፍ አግኝቶለታል። ከዳር ሆኖ ያየውን ጽፎ ሲያቀርብ አማካሪው ዶክተር አምባዬ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ከዳር የሚታየውንማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥም እንደሚያገኘው ነገሩትና የሚጸለይላቸው ሰዎች ሰልፍ ውስጥ እንዲገባ መከሩት።

ገባ። ሐሙስ ከሰዓት፣ ድሮ የቡና መጋዘን በነበረው የነቢይ ጋሩማ አዳራሽ ውስጥ፣ ከሰዎች ጋር ተሰለፈ። በግራው የቆመው ወደቀ። በቀኙ የቆመችው ወደቀች፤ ነጠላ ጣል አደረጉባት። ጋሩማ መጥቶ እጁን ግንባሩ ላይ አሳረፈና "ተቀበል" አለ። ገፍቶታል እንዳይባል እጁ እንደ ላባ ቀላል ነው። ቀነአ እንደቆመ ቀረ። ኪቦርዱ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ተቀበል፣" አለ ጋሩማ አሁንም፤ ከአገጩ የወረደው ላብ የቀነአ አፍንጫ ላይ ጠብ አለ። በቅርብ ሲያዩት ገና ልጅ ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል፤ ድምፁ አልቋል። ቀነአ አዘነለት። የሚወድቁትን ሊቀበል ከኋላ የቆመው ጎረምሳ ደግሞ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ በኦሮምኛ፣ በትሕትና፣ "ወንድሜ፣ ሰው እየጠበቀ ነው" አለው።

ወደቀ። ወደ ኋላው ገልመጥ ብሎ ቦታውን አይቶ፣ እንደ ጨዋ ሰው ወደቀ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ለራሱ ማስረዳት ይችል ነበር። ወለሉ ላይ ከተጋደመ በኋላ የሆነውን ግን አይችልም። ማንም ሳይጠይቀው "ኡ" አለ። ማንም ሳያዘው ግራ እግሩን አንቀጠቀጠ። ዝም ብሎ መተኛቱ ጎዶሎ መስሎ ስለታየው ነው።

ቪዲዮው ሲወጣ ዶክተር አምባዬ ጋ ደውሎ ነበር። እሳቸው አልሳቁም፤ ያ ባሰበት።

"መረጃ ነው፣" አሉ። "ጻፈው።"

"ምን ብዬ ልጻፈው ዶክተር?"

"ለምን እንደወደቅህ ነዋ።"

ከሐሙስ ጀምሮ ላፕቶፑን ከፍቶ ይቀመጣል። "ይሉኝታ" ብሎ ይጽፍና ያጠፋዋል። ለይሉኝታ የሚጠቀስ የፈረንጅ መጽሐፍ የለም።

ሲሬ ሲወርድ ነጋዴዋ ጆንያዋን ወደ መስኮቱ በኩል እንዲገፋላት ለመነችው። ሲገፋላት ፊቱን በደንብ አየችው። ከዚያ ስልኳን አየች። ሚኒባሱ ወደ አኖ ሲነሳ መስኮቱ ላይ አፏን በእጇ ይዛ ነበር።

እሱን የሚያስፈራው ግን እሷ አልነበረችም። አዴ ሎሚ ነበሩ።

አዴ ሎሚ ቀነአ ሳይወለድ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኗን ኳየር የመሩ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ቀጭን፣ ረጅምና ትንሽ ኩራተኛ ነው፤ ራሳቸውም እንደዚያው። ባለፈው ወር ጉልበታቸውን አሟቸው ነቀምቴ ጋሩማ ዘንድ ሄደው መውደቃቸው ተሰማና ሽማግሌዎቹ ጠሯቸው። ቀነአም በምሁርነቱ ተጠራ። በግሪክኛ ቃላት አጅቦ፣ የሚወድቅ ሰው ወይ የተታለለ ነው ወይ አታላይ ነው ብሎ ደመደመ። አዴ ሎሚ ለምን እንደወደቁ ሲጠየቁ "ሰውዬው ሲለፋ አሳዘነኝ" ነበር ያሉት። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ቀነአ ደግሞ ይህ ነገረ መለኮታዊ መልስ አይደለም አለ። ከኳየሩም ከጌታ እራትም ታገዱ። ከዚያ ወዲህ በሩ አጠገብ ባለችው የኋላ አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጡት። እዚያ ተቀመጡ ያላቸው የለም፤ የታገደ ሰው የት እንደሚቀመጥ ግን ሲሬ ውስጥ ሕፃን ያውቃል።

ዛሬ በር ላይ አገኛቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነበር። ሊያልፋቸው አሰበ፤ ግን በእነሱ አገር ትልቅ ሰው ሳይሳም አይታለፍም። ጎንበስ ብሎ ሳማቸው።

"አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ፣" አሉት። እንዴት አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጄ ያሉት በሙሉ አፋቸው ነበር፤ ያ ነው ያደከመው። "የእህቴ ልጅ በስልኳ አሳየችኝ።"

"አዴ፣ እኔ..."

"መውደቁን ተወው። እኔም ወድቄያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ እንኳ ዝም ብዬ ነው የተኛሁት። አንተ እግርህን ለምን አንቀጠቀጥከው?"

ቀነአ ጫማውን አየ።

"ለማሳመር ነው?"

"መሰለኝ፣" አለ በመጨረሻ።

አዴ ሎሚ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔም መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል ድምፄን አንቀጠቅጣለሁ። መንፈስ ነካት ይላሉ። ለማሳመር ነው።" ወደ ቢሮው በአገጫቸው አመለከቱት። "ግባ፣ ሞረዳ እንደ ዳኛ ተኮፍሶ ይጠብቅሃል።"

ኦቦ ሞረዳ ዳኛ ሳይሆኑ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ሲጸልዩም ሲቀልዱም በኦሮምኛ ነው፤ ነገር ሲከብድ ግን ወደ አማርኛ ይዞራሉ፤ ፍርድ ሲጻፍ የኖረው በእሱ ነውና። ዛሬ ገና ከሰላምታው በአማርኛ ጀመሩ።

"አቶ ቀነአ፣ በቪዲዮው የታየውን ድርጊት ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም?"

"ፈጽሜያለሁ።"

"በምን ዓላማ?"

ቀነአ አፉን ከፈተ። መልሱ ምላሱ ላይ ነበር፤ አጭርም ነበር፤ ባለፈው ወር አዴ ሎሚ እዚሁ ክፍል ውስጥ ያሉት ነው። የግብርና መምህሩ ሽማግሌ ደረሳ ግን ቀደመው።

"ለጥናቱ ነዋ፣" አለ ደረሳ። "እኔ ዲግሪዬን ስሠራ ከገበሬ ጋር በሬ ጠምጄ አርሻለሁ። ገበሬ ነህ ያለኝ አለ? ለጥናት ነው። ይሄም ለጥናት ነው የወደቀው።"

የክፍሉ አየር ተለወጠ። ኦቦ ሞረዳ ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። ሁሉም ቀነአን በልመና ዓይን ያዩት ጀመር፤ "የኛ ልጅ ማስተርሱን እየሠራ ነው" እያሉ ከነቀምቴ ማዶ ዲጋ ድረስ ያስወሩት እነሱ ናቸው። አዎ እንዲላቸው ብቻ ነው የፈለጉት። እየጠበቁ ነበር።

"ለጥናት ነው፣" አለ።

በኦሮምኛ ተመሰገነ። ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ቀነአ ለሁለተኛ ጊዜ እንደወደቀ ያወቀው ያኔ ነው። ለራሱም በጭንቅ በምትሰማ ድምፅ፣ "አዴ ሎሚስ?" ሲል ጠየቀ።

"የሳቸው ጉዳይ ሌላ ነው፣" አሉ ኦቦ ሞረዳ ኮታቸውን እየቆለፉ። "እሳቸው አጥኚ አይደሉም።"

አምልኮው ተጀመረ። ቀነአን ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት አስቀመጡት። ኳየሩ ዘመረ፤ አዴ ሎሚ የሚይዙት ከፍታ ላይ ሲደርስ ልጃገረዶቹ ተያዩና ዝቅ ብለው አለፉት። ከበሩ አጠገብ ግን ቀጭን እንጉርጉሮ መጣ፤ የታገደ ሰው ከአግዳሚው ሆኖ ቢያንጎራጉር የሚከለክል ደንብ አልተጻፈም። መጨረሻው ላይ ተንቀጠቀጠ። ቀነአ እግሩን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበ።

ከስብከቱ በኋላ ኦቦ ሞረዳ ተነሡ። በአማርኛ፣ በሰፊው፣ ወንድም ቀነአ በቅርቡ በማኅበራዊ ሚዲያ የታየው ለጥናትና ለምርምር ዓላማ እንደሆነ፣ ወደፊትም ተመሳሳይ ነገር ቢታይ በዚሁ አግባብ እንዲተረጎም፣ ሲመረቅም የዚህች ቤተ ክርስቲያን አስተማሪ ሆኖ እንደሚያገለግል አስታወቁ። ሕዝቡ እልል አለ። አንዲት እናት እንባቸውን ጠረጉ፤ ለዕውቀት ሲባል እንዲህ የተንከራተተ ልጅ አላየንም ሲሉ ከፊታቸው ላለችው ነገሯት። ቀነአ ጆሮው እስኪነድ ቀላ። በሕይወቱ እንዲህ አልተመሰገነም። እንዲህም አላፈረም።

ከዚያ የጌታ እራት ሰዓት ሆነ። ነጩ ጨርቅ ተገለጠ። ኦቦ ሞረዳ የጽዋዎቹን ትሪ አንሥተው ቀነአን በፈገግታ ጠሩት፤ ዛሬ ትሪውን እሱ ይዞ ያድላል፤ ክብሩ ይኸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ተነሥተው ወደ ፊት መጡ። ከኋላ የሚነሣ አልነበረም።

ቀነአ ተነሣ። ወደ ትሪው መሄድ ጀመረ፤ ሁለት እርምጃ እንኳ ተራምዷል። ቀና ሲል በረድፎቹ መካከል አሻግሮ፣ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱትን አዴ ሎሚን አየ። ዞረ። መተላለፊያው ረጅም ነው፤ ጫማውም አዲስ ስለሆነ በየእርምጃው ይጮኻል። ሰው ሁሉ ስልክ ተደውሎለት የሚወጣ መሰለው። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ።

አዴ ሎሚ ቀና ብለው አዩት። "ሽንት ቤቱ በውጭ በኩል ነው፣" አሉት በሹክሹክታ።

"ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፣ አዴ።"

አልተጠጉም። ቦርሳቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እጃቸውን ጫኑበት። "አብደሃል? ሞረዳ ትሪውን ይዞ ቆሟል። ሂድ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው።"

"ይጠብቅ።"

አዴ ሎሚ ቦርሳቸውን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ቀነአ በተለቀቀለት ቦታ ተቀመጠ። ከፊት ትሪው በኦቦ ሞረዳ እጅ ላይ ጽዋዎቹን እያንቀጫቀጨ ነበር፤ ራስ ሁሉ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ወደ በሩ ዞረ። ግራ እግሩ ተንቀጠቀጠ። ዛሬ ሊያቆመው ፈልጎ ነበር፤ እምቢ አለው። ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ አልተነሣም።