ዩላሊን ያስተማርኳት ቃል

ዋሽቻለሁ፤ ከእሱ ልጀምር። እዚህ ባርቤዶስ ሃያ ዓመት ላቲን ሳስተምር ልጆቹ እንዳያንቀላፉብኝ ያላልኩት ነገር የለም። «ሲንሲር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከልቡ የሆነ፣ የማያስመስል ማለት ነው። እኔ ታዲያ፣ የሮም ቀራፂዎች የተሰነጠቀ ሐውልት በሰም እየደፈኑ ሲሸጡ ሐቀኞቹ «ሲኔ ኬራ፣ ሰም የለበትም» ይሉ ነበር፣ ቃሉ የመጣው ከዚያ ነው እያልኩ አወራለሁ። ተረት ነው። ቃሉ የመጣው «ንጹሕ፣ ያልተቀላቀለ» ከሚል ሌላ የላቲን ቃል እንደሆነ መዝገበ ቃላቴ ላይ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ግን ተረቱ ያምራል፤ ልጆቹም አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኛል። ምን ላድርግ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ዩላሊ ግሪንጅ ከተማሪዎቼ ሁሉ የምትበልጥ ነበረች። አባት የላትም፤ እናቷ እትዬ ኤልሚና ሸንኮራ አገዳ ስትቆርጥ ነው የምትውለው። አንድ ዓመት እንግሊዝ አገር ሄዶ ለመማር አንድ ነጻ ዕድል ወጣና ዩላሊ ለቃል ፈተናው ቀረበች። ከሦስቱ ፈታኞች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሰብሳቢው ከእንግሊዝ የመጣ ሽማግሌ ነው። የምትወጂውን ቃል ከነምንጩ ንገሪን አላት። ልጅቷ ፊቷ በርቶ የሰሙን ታሪክ አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችው። ሽማግሌው ሳቀ።

«ይህን ቅዠት ማን ነው ያስተማረሽ?»

ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ጉድ ፈላ ብዬ ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነበር። አላልኩም።

«ማንም አላስተማረኝም» አለች ዩላሊ። «ከራሴ ነው የፈጠርኩት።»

ሽማግሌው፣ ከራሷ ፈጥራ የምታወራ ልጅ አትታመንም ብሎ ዕድሉ ለሌላ እንዲሰጥ ወሰነ። እኔም ፈረምኩ። በገዛ እጄ።

በሳምንቱ ጥፋቴን ልናዘዝ ቆርጬ ቤታቸው ሄድኩ። ዩላሊ አልነበረችም፤ አገዳ ቆረጣ ጀምራለች። እናቷ ወንበሩን በቀሚሷ ጠርጋ አስቀመጠችኝ፤ ከጋገረችው የኮኮናት ዳቦም ትልቁን ቆርሳ ሰጠችኝ። ከዚያ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«መምህር፣ ያን ያህል ለፍተውባት በሰው ፊት አዋረደችዎ። የሌለ ነገር ቀባጥሬ ነው የወደቅኩት ብላ ነግራኛለች። በሞቴ፣ ይቅር ይበሏት።»

አፌ ውስጥ ዳቦ ነበር። አላምጬ እስክውጠው ድረስ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ፤ ቸኩዬ ነው ማለት አልችልም።

«ይቅር ብያታለሁ» አልኳት።